ምን ትበላላችሁ?

ሕንድ አገር ቤት ሊከራይ የሄደ ሰው ከስሙ ቀጥሎ የሚጠየቀው ስለ ገንዘቡ አይደለም፤ ስለሚበላው ነገር ነው። «ቬጅ ነው ነን-ቬጅ?» ይባላል። ሥጋ ትበላለህ ወይስ አትበላም ማለት ነው። ጥያቄው ገና በሩ ላይ፣ ጫማ ሳይወልቅ፣ በፈገግታ ይቀርባል። ላይ ላዩን ሲያዩት የወጥ ቤት ጉዳይ ይመስላል፤ ሽታ እንዳይገባ፣ ድስት እንዳይደባለቅ። ጠለቅ ብለው ሲያዳምጡት ግን ስለ ሆድ ብቻ የተጠየቀ ጥያቄ አይደለም። ምን ትበላለህ ማለት የማን ልጅ ነህ፣ ከየትኛው ወገን መጣህ፣ ከማን ጋር ስትቀመጥ ኖርክ ማለት ነው።

እኛ ከኢትዮጵያ ለትምህርት ወደ ፑኔ ከተማ የመጣን ተማሪዎች ይህን ጥያቄ ደጋግመን ተጠይቀናል፤ አብዛኛውን ጊዜም አልፈናል። ነገሩ የሚከብደው እዚህ ላይ ነው። ማለፋችን ነው የሚያስጨንቀን። እኛ ባለፍንበት በር የአገሩ ተወላጅ፣ አብሮን ክፍል የሚቀመጥ፣ ቋንቋውን ከእናቱ ጡት ጋር የጠባ ሰው ሲመለስ አይተናል። ለእንግዳ የተከፈተ በር ለጎረቤት ከተዘጋ እንግዳው ሊገባበት ይገባል ወይ? ከገባስ በኋላ ዕዳ አለበት ወይስ የለበትም? ዛሬ በዚህች ገጽ የምናነሣው ይህን ነው። (ዓመቶቹን ሁሉ የምንጠቅሰው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው፤ አንባቢ ይወቅልን።)

ወደ ክርክሩ ከመግባታችን በፊት ግን ስለ ምግቡ ጥቂት እናውራ፤ ሳይቀምሱ መፍረድ ደግ አይደለም። ፑኔ በየሰፈሯ ሌላ ሌላ የምትሸት ከተማ ናት። በአሮጌው ከተማ፣ ሳዳሺቭ ፔት በሚባለው የጥንት የብራህሚኖች ሰፈር፣ ጠዋት ጠዋት የሚሸተው በሰናፍጭ ዘርና በእርድ የበሰለ ፖሃ ነው። ፖሃ ማለት ተዳምጦ የደረቀ ሩዝ ነው፤ ሲቀርብ የኮኮናት ፍቅፋቂና የድንብላል ቅጠል ይነሰነስበታል። እንግሊዞች የጦር ሠፈር አድርገው ወደ ቆረቆሩት ካምፕ ሲሻገሩ ደግሞ ሌላ አገር የገቡ ይመስላል፤ ሙስሊሙ፣ ክርስቲያኑ፣ ፓርሲው ተደባልቆ ይኖራል። ከኢራን የመጡ ሰዎች በከፈቷቸው አሮጌ ሻይ ቤቶች ቅቤ የተቀባ ለስላሳ ዳቦ በወፍራም የወተት ሻይ እየነከሩ ይበላሉ፤ መንገዱን ሲሻገሩ ሥጋ በከሰል ላይ ይጠበሳል። ለተማሪ ኪስ የሚስማማው ግን በየጥጉ የሚሸጠው ቫዳ ፓቭ ነው፤ በሽምብራ ዱቄት ተለውሶ የተጠበሰ ድንች በዳቦ መሐል ገብቶ፣ ከነቃሪያው። ሁለት ከበሉ ምሳ ነው፤ ሦስት ከበሉ እንቅልፍ ነው።

ቅመም ተራ የገባ ኢትዮጵያዊ ደግሞ ዘመዶቹን በሌላ ስም ሲጠሩ ያገኛል። ነጭ አዝሙድ አጅዋይን ተብሏል፤ ጥቁር አዝሙድ ካሎንጂ፣ አብሽ ሜቲ፣ እርድ ሃልዲ። ሄል እንደ ልብ ነው፤ ኮረሪማ ብቻ የለም፤ ከአገር ቤት በሻንጣ ይመጣል። ጤፍም እንደዚሁ። ዳጉሳ ግን አለ! ናችኒ ይሉታል፤ ቂጣ ይጋግሩበታል። የእህል ታሪክ አጥኚዎች እንደሚሉት ዳጉሳ ከእኛው ከምሥራቅ አፍሪካ ደጋ አገሮች ተነሥቶ ከሺህ ዓመታት በፊት ወደ ሕንድ የተሻገረ እህል ነው። እኛም ከሩዝ ዱቄት ጋር ደባልቀን አብኩተን እንጀራ እንጋግርበታለን፤ ዓይኑ ባይሰምርም ያጠግባል። ያ እህል ሲመጣ መቼስ በር ላይ አቁሞ ምን ትበላለህ ያለው አልነበረም።

የምንኖረው በአሮጌው ከተማ ውስጥ፣ ዕድሜያቸው ወደ ሰባ በሚጠጋ ባልቴት ቤት ነው። ካኩ እንላቸዋለን፤ በማራቲ ቋንቋ የአጎት ሚስት ማለት ነው፤ በእኛ አባባል እትዬ እንደማለት። ለኪራይ የሄድን ቀን ያቺን ጥያቄ ጠየቁን። ሥጋ እንበላለን አልናቸው፤ ሆኖም በዓመት ግማሽ ያህሉን ጊዜ እንጾማለን።

«ስትጾሙ ወተት ትጠጣላችሁ አይደል?»

«ወተትም አይገባም፣ ቅቤም አይገባም፣ እንቁላልም አይገባም።»

ካኩ አጨበጨቡ። ለእሳቸው ወተት ከምግብ ሁሉ ንጹሕ ነው፤ በጾማቸው ቀን እንኳ የሚፈቀድ ነው። ወተትን የሚከለክል ጾም ሰምተው አያውቁም ነበር። በዚያች ቅጽበት በዓይናቸው መነኮሳት ሆንን። ቤት ውስጥ ሥጋ እንዳይበስል ተስማማን፤ ውጭ የምንበላው የራሳችን ጉዳይ ሆነ፤ ቁልፉን ተቀበልን። (ከመካከላችን ሙስሊም የሆነው ወንድማችን የሚኖረው ኮንድዋ በሚባለው፣ ብዙ ሙስሊሞች ባሉበት ሰፈር ነው። ለምን እንደሆነ አንባቢ ይገምተዋል።)

ካኩ ደግ ሴት ናቸው። ይህን ሳንጽፍ ብናልፍ ዋሾዎች እንሆናለን። ከመካከላችን አንዱ ትኩሳት ይዞት በተኛበት ሳምንት ሩዝና ምስር አላልመው ደረጃውን እየወጡ ያበሉት እሳቸው ናቸው። ደግ ባይሆኑማ ይህ ጽሑፍ አይጻፍም ነበር፤ የክፉ ሰው ክፋት ምን ያከራክራል?

በዚያ ቤት ዕቃ የሚያጥቡ፣ ወለል የሚወለውሉ ሴት አሉ። ማውሺ ይባላሉ፤ የእናት እኅት፣ አክስት ማለት ነው። በፑኔ የቤት ሠራተኛን በዚህ ስም መጥራት የተለመደ ነው። ማውሺ ጠዋት ይመጣሉ፤ የትናንቱን ዕቃ በሙሉ፣ እኛ ሻይ የጠጣንባቸውን የብረት ኩባያዎች ጭምር ያጥባሉ፤ ሲጨርሱ ካኩ ሻይ ያፈሉላቸዋል። ሻዩ ያው ከአንዱ ማንቆርቆሪያ የተቀዳ ነው። ኩባያው ግን ሌላ ነው። በመስኮቱ ደፍ ላይ ለብቻው ተደፍቶ የሚኖር፣ ጠርዙ የተጎዳ ኩባያ አለ፤ የእሳቸው እሱ ነው። ሁሉን ኩባያ የሚያጸዱት እጆች በአንዱም አይጠጡም። እኛ ከባሕር ማዶ የመጣነው፣ የት እንደዋልን የማይታወቀው፣ ትናንት ማታ ካምፕ ሄደን ጥብስ በልተን የተመለስነው ግን ከቤቱ ኩባያ እንጠጣለን። አክስት ብለው ይጠሯቸዋል፤ ኩባያ ግን ለይተውላቸዋል።

አንዳንድ ጓደኞቻችን ይህ የንጽሕና ልማድ እንጂ ንቀት አይደለም ይላሉ፤ ጁታ የሚባለውንም ነገር ይጠቅሳሉ። እውነት ነው፣ ጁታ የሚባል ነገር አለ። ሰው አፉን ያስነካው ምግብ ወይም መጠጥ ጁታ ነው፤ ሌላው አይነካውም። ለዚህ ነው ብዙ ሕንዶች የውሃ ጠርሙስ ከከንፈራቸው ሳያስነኩ ከላይ የሚያንቆረቁሩት። በአንድ ሞሰብ ዙሪያ ላደገ፣ ጉርሻን የፍቅር መጨረሻ አድርጎ ለሚያውቅ ሰው ይህ መጀመሪያ ላይ ያስደነግጣል። እኛ ፍቅራችንን የምንገልጥበት እጅ እዚያ የሚያረክስ ሆነ! ይሁን እንጂ ጁታ ራሱ ቢሆን በፍቅር ፊት ይላላል። እናት ከልጇ ትሪ ትበላለች፤ በልደት ቀን ኬክ ተቆርሶ በእጅ ወደ አፍ ሲጎራረስ ላየ ሰው ያው የእኛው ጉርሻ ነው። እንግዲህ ጁታ ለሁሉም እኩል የሆነ የንጽሕና ሕግ ቢሆን ኖሮ የካኩ ኩባያ ከእኛ አፍም በተለየ ነበር። አልተለየም።

ይህ የሻይ ኩባያ ጉዳይ በፑኔ ታሪክ አለው። በ1890 የከተማዋ ታላላቅ ሰዎች፣ ዳኛው ራናዴና ኋላ የነጻነት ትግል መሪ የሆነው ቲላክ ሳይቀሩ፣ ፓንች ሃውድ በሚባለው ሰፈር ባለ የክርስቲያን ሚሲዮን ተጋብዘው ሄዱ፤ ሻይና ብስኩት ቀረበላቸው። ወሬው ጋዜጣ ላይ ወጣ። ከክርስቲያን እጅ ሻይ ጠጥታችኋል ተብለው ተከሰሱ፤ ነገሩ በሃይማኖት ዳኞች ፊት ቀርቦ፣ ራናዴም ቲላክም በየበኩላቸው ንስሐ ገቡ። ለአንድ ስኒ ሻይ! ይህን የሚያነብ ተማሪ ሊስቅ ይችላል። እኛም ስቀናል። ነገር ግን ልብ በሉ፤ እነዚያ ሰዎች ስም ነበራቸው፣ ገንዘብ ነበራቸው፣ ንስሐውን ከፍለው ወደ ማዕዳቸው ተመለሱ። ንስሐ ቢገባ እንኳ ወደ ማዕዱ የማይቀርበው ሰው ነው የሚያሳስበው።

በዚችው ከተማ ከዚያ ቀደም ብሎ በ1868 ጆቲራዎ ፑሌ የተባለው መምህር በግቢው ያለውን የውሃ ጉድጓድ «አይነኬ» ለሚባሉት ሁሉ ከፍቶ ነበር። ፑሌና ሚስቱ ሳቪትሪባይ ከሃያ ዓመት በፊት በ1848 ለሴት ልጆች ትምህርት ቤት የከፈቱ ናቸው፤ የፑኔ ዩኒቨርሲቲ ዛሬ በሳቪትሪባይ ስም ይጠራል። ሰውዬው ስለ እኩልነት ብዙ ጽፏል፤ ከጻፈው ሁሉ ግን እኛን የሚገርመን ያ ጉድጓድ ነው። ከቤት ደጃፍ ያለ ነገር ነውና።

ሌላም አለ። በ1917 አምቤድካር ኒውዮርክ በኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ፣ ከዚያም ለንደን ተምሮ ተመለሰና ባሮዳ ለሥራ ሄደ። ያስተማረው የባሮዳ መንግሥት ነበር። ይህን ሁሉ ተምሮ የሚያድርበት አጣ። የሂንዱ ማረፊያ አይቀበለውም፤ በመጨረሻ የፓርሲዎች ማረፊያ ቤት በፓርሲ ስም ተመዝግቦ ገባ። በአሥራ አንደኛው ቀን ዱላ የያዙ ሰዎች መጡበት፤ ማን እንደሆነ ደርሰውበታል። አንድ ሂንዱና አንድ ክርስቲያን ወዳጁን አስጠጉኝ ብሎ ጠየቀ፤ ሁለቱም ምክንያት ሰጡት። በሕዝብ መናፈሻ ተቀምጦ ሲያዝን ቆይቶ ማታ በባቡር ወደ ቦምቤይ ተመለሰ። ይህን ራሱ ጽፎታል። ይኸው ሰው ነው ኋላ የሕንድን ሕገ መንግሥት ያረቀቀውን ኮሚቴ በሊቀ መንበርነት የመራው፤ ከ1950 ጀምሮ የጸናው የዚያ ሕገ መንግሥት 17ኛ አንቀጽ «አይነኬነት» ተሽሯል ይላል። እኛ እንግዶቹ ግን ከመቶ ዓመት በኋላ መጥተን በአንድ ከሰዓት ክፍል አገኘን።

እዚህ ላይ ከመካከላችን ክርክር ተነሣ፤ ሌሊቱን ሙሉ ነው ያወራነው። አንዱ ወገን እንዲህ ይላል፦ እንግዳ የቤት አዛዥ አይደለም። የምትበላውንና የማትበላውን የምትወስነው ባለቤቷ ናት፤ እኛ በጾማችን ቀን ቅቤ ያለበት ወጥ ቢቀርብልን እንመልስ የለም ወይ? ሰው ያንን እንደ ስድብ ቢቆጥርብን ደስ ይለናል? ሌላው ወገን ደግሞ ኩባያው የንጽሕና ሕግ አይደለም፣ ስለዚህ በዚያ ኩባያ መጠጣት የሕጉ ተባባሪ መሆን ነው ይላል።

እኛ ያዳላነው ለየትኛው ነው? በመሠረቱ ሁለት ዓይነት ሕግ አለ ብለን እናምናለን፤ ብዙውን ጊዜ በአንድ ድስት ስለሚበስሉ ይምታታሉ። አንደኛው «ይህን አልበላም» የሚል ነው። ይህ ባለቤቱን ራሱን የሚገዛ ሕግ ነው፤ መከራውንም የሚከፍለው እሱ ነው። ጄይኖች ከመሬት በታች የሚበቅለውን፣ ሽንኩርቱንም ድንቹንም አይበሉም፤ ማንም አልተጎዳም። ሁለተኛው «ከእነ እገሌ ጋር አልበላም» የሚል ነው። ይህ ሌላውን የሚገዛ ሕግ ነው። ሁለቱን ለመለየት አንድ ቀላል ፈተና አለ፦ ያ ሌላው ሰው የሚበላውን ቢለውጥ በሩ ይከፈትለታል ወይ? ከተከፈተለት ጉዳዩ የምግብ ነበር። ካልተከፈተለት ሥጋው ሰበብ ነው።

ለዚህ ምስክር የሚሆነን አምሪትሳር ነው። በዕረፍት ጊዜ ወደ ሰሜን የሄድን ጊዜ በሲኮች ወርቃማ መቅደስ ላንጋር በላን። ላንጋር በነጻ የሚበላበት የኅብረት ማዕድ ነው፤ በቀን ከ50 ሺህ በላይ ሰው ይመገባል፤ ወጥ ቤቱ ሌሊትም አያርፍም። ጫማ ይወልቃል፣ ራስ ይሸፈናል፣ ሁሉም መሬት ላይ በረድፍ ይቀመጣል፤ ሀብታሙ ከሊስትሮው፣ ሐኪሙ ከለማኙ ጎን። ቂጣው ሲታደል በሁለት እጅ መዳፍ ተዘርግቶ ነው የሚቀበሉት፤ እኛ እምነት ስንቀበል እንደምናደርገው ያለ ነው። ልብ ያልነው ግን ምግቡ ሥጋ የሌለበት መሆኑን ነው። ከሲኮች መካከል በቤታቸው ሥጋ የሚበሉ አሉ። በላንጋሩ የማይቀርበው ማንም ሰው፣ ብራህሚኑም ሙስሊሙም ጄይኑም፣ ሳይሳቀቅ እንዲቀመጥ ነው። አያችሁ? ያችው «ሥጋ የለም» የምትለው ሕግ በአንዱ ቤት ሰው ማስወጫ፣ በሌላው ቤት ሰው ማስገቢያ ሆነች። ምስሩ ግን ያው ምስር ነው።

እንዲህ ስንል ሕንድ ሁሉ አትክልት ይበላል ብሎ የሚያስብ እንዳይኖር። ፒው የተባለው የጥናት ማዕከል በ2021 ባወጣው ጥናት ከመቶ ሕንዳውያን አዋቂዎች 39ኙ ናቸው ፈጽሞ ሥጋ አንበላም ያሉት። የሚበዛው ይበላል፤ ነገር ግን በቀን፣ በዓይነት፣ በቦታ እየለየ ነው። በታሸገ ምግብ ሁሉ ላይ አረንጓዴ ምልክት ወይም ቡናማ ምልክት አለ፤ ሥጋ የሌለበትና ያለበት ይለይበታል። በዕቃ ላይ ሲሆን ጠቃሚ ነገር ነው፤ ለጾመኛ እንዴት እንደሚመች እኛ እናውቃለን። ምልክቱ ከካርቶን ወርዶ በሰው ግንባር ላይ ሲለጠፍ ነው አደጋው። በ2015 ከዴልሂ ብዙ በማትርቅ መንደር፣ ዳድሪ አጠገብ፣ አንድ ሙስሊም አባወራ በማቀዝቀዣው ውስጥ የላም ሥጋ አለ በሚል ወሬ በመንጋ ተደብድቦ ተገድሏል። በሰፈር ጉዳይም ቢሆን፣ የሕንድ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2005 በአሕመዳባድ የሚገኝ የፓርሲዎች የቤት ኅብረት ሥራ ማኅበር አባልነቱን ለፓርሲዎች ብቻ መወሰን ይችላል ብሎ ፈርዷል። ፓርሲዎች ጥቂት ናቸው፣ ራሳቸውን ለማቆየት ነው ቢባል ይገባናል። ብዙው ሲያደርገውስ?

ደግሞም የእንግዳ ማለፊያ የውሰት ልብስ ነው፤ አበዳሪው በፈለገ ጊዜ ይገፍፋል። በ2017 በታላቁ ኖይዳ አንድ የሰፈር ልጅ ሲጠፋ በጎረቤት ያሉ የናይጄሪያ ተማሪዎች በሉት ተባለ። በሉት! ቤታቸው ተፈተሸ፤ ልጁ ተመልሶ መጥቶ ሲሞት ደግሞ መንጋው በየመንገዱና በገበያ አዳራሽ አፍሪካውያንን ደበደበ። እነዚያ ተማሪዎች ቤት ሲከራዩ ምን ትበላላችሁ ተብለው ነበር፤ መልሳቸውን ማን አስታወሰው? እኛ ሐበሾች ቆዳችን ትንሽ ፈካ ስላለ ከዚህ ውጭ ነን የሚል ካለ ራሱን ያሞኛል።

አሁን አንባቢያችን «ደርሳችሁ የሰው አገር ልትተቹ ነው?» ሳይል አይቀርም። ልክ ነው፤ የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች እንዳንባል እንፈራለን። እውነቱን እንነጋገር። በአገራችን ክርስቲያኑና ሙስሊሙ ሥጋ ለይቶ ይበላል፤ ግን ሠርግ ሲሆን ለሙስሊሙ ጎረቤት ለብቻው ይታረድለታል፣ ለብቻው ይሠራለታል፣ አይቀርም ይመጣል። ይህ የመጀመሪያው ዓይነት ሕግ ነው፤ እንኮራበታለን። ነገር ግን ሸክላ ሠሪውን፣ ቆዳ ፋቂውን፣ ቀጥቃጩን ምን አደረግነው? በሸክላ ሠሪዋ ምጣድ እንጀራ ጋግረን፣ በሸክላ ሠሪዋ ድስት ወጥ ሠርተን፣ እሷን ቡዳ ናት አልን። በከፋ ማንጆዎች ከጎረቤታቸው ቤት እንዳይገቡ፣ ሲበሉም በተለየ ዕቃና በቅጠል እንዲሆን ሲደረግ ኖሯል። የጣና ወይጦዎች የጉማሬ ሥጋ ይበላሉ ተብለው በክርስቲያኑም በሙስሊሙም ተርቀዋል። ጉማሬ ማደኑን ከተዉም በኋላ በሩ ቶሎ አልተከፈተላቸውም። ከላይ ያልነው ፈተና እኛንም ይፈትነናል ማለት ነው። እንዲያውም የማውሺን ኩባያ ገና በመጀመሪያው ሳምንት ያየነው ለዚህ ይመስለናል፤ ከአያቶቻችን ቤት ደጅ ላይ የተሰቀለውን ስባሪ ቅል የሚያስታውስ ከመካከላችን ነበረ።

ወደ ኩባያው እንመለስ። ያን ኩባያ አንነካም ያለው ወገን ሊያሸንፍ ሲል አንዱ «ለመሆኑ ማውሺን ማን ጠየቃቸው?» አለ። ጠየቅናቸው። ማራቲያችን ስባሪ ነው፤ እሳቸውም ሂንዲ እየደባለቁ ረዱን።

«እናንተ ሁለት ዓመት ኖራችሁ ትሄዳላችሁ» አሉ። «እኔ በዚህ ሕንጻ አራት ቤት ነው የምሠራው። እናንተ ኩባያውን ስትመልሱ ካኩ እናንተን አይጠይቁም። ማን ነገራቸው ብለው እኔን ነው የሚጠይቁኝ።» ትንሽ ዝም አሉና፦ «ኩባያው ምን ይሆናል? የደመወዜ ጭማሪ ላይ ብትናገሩልኝ።»

ይህ መልስ ብዙ አፋችንን ዘጋው። እንግዳ በራሱ ጀግንነት ሲኮራ ሒሳቡ የሚላከው ለደካማው ነው። ስለ ደመወዙ ተናገርን፤ ካኩ ጥቂት ጨመሩ። ኩባያው እዚያው መስኮቱ ላይ ነው። ከዚህ በመነሣት አንዳንዶቻችን የጭቁን ጥያቄ ዳቦ እንጂ ክብር አይደለም የሚል መደምደሚያ ሊያወጡ ሞከሩ። ኧረ ተዉ! ማውሺ ያሉት ክብሩን አልፈልገውም አይደለም፤ የክብሩን ዋጋ እኔ ብቻ አልክፈል ነው።

ታዲያ እንግዳው ራሱ የሚከፍለው ዕዳ የቱ ነው? በቅርቡ ሳንፈልገው መጣልን። ከመካከላችን ሁለቱ ትምህርታቸውን ጨርሰው ሊመለሱ ነው። ካኩ ክፍሉ ባዶ እንዳይቀር «እንደ እናንተ ያሉ ልጆች አምጡልኝ» አሉ። እንደ እኛ ያለ ልጅ እናውቃለን። የሕግ ተማሪ ነው፣ ዝምተኛ ነው፣ አይጠጣም። ዳሊት ነው። ቤተሰቦቹ በየዓመቱ በፑኔ በኩል አልፈው ወደ ፓንዳርፑር በእግር የሚጓዙ የቪትባ አማኞች ናቸው፤ ቤታቸው ሥጋ አይገባም፤ እሱም በዕድሜው ቀምሶ አያውቅም። የፓንዳርፑር መቅደስ በሩን ለዳሊቶች የከፈተው በ1947 ነው፤ ሳኔ ጉሩጂ የተባለ መምህር እስኪከፈት አልበላም ብሎ ጾሞ። የእኛ ጓደኛ እንግዲህ በምግብ ጥያቄ ከሁላችንም በላይ ማለፍ ያለበት ሰው ነው።

ለካኩ ይህን ሁሉ ነገርናቸው። ደስ አላቸው። ከዚያ «አድናቭ?» አሉ። አድናቭ የቤተሰብ ስም ነው፤ በዚህ አገር ስሙን የሰማ ሰው ወገኑን ይገምታል።

ከመካከላችን አንዱ ሌላ ስም እንስጣቸው ብሎ ነበር፤ ጓደኛችን ራሱ እንቢ አለ። በሰው ስም መኝታ መከራየት አምቤድካር ሞክሮት አልሆነም፣ እኔ አልደግመውም አለን። እኛም ስሙን እንዳለ ተናገርን። ካኩ ፈገግታቸውን ሳያጠፉ «ልጄን ልጠይቀው» አሉ፤ ልጃቸው ባንጋሎር ነው የሚኖረው። ይህ ከሆነ ሁለት ሳምንት አለፈው። በየቀኑ ሻይ ይልኩልናል፤ ስለ ክፍሉ ግን ቃል አይተነፍሱም።

ካልተቀበሉት ሁላችንም ለቀን እንውጣ ወይስ የሚቀሩት ይቆዩ በሚለው አልተስማማንም። ለቀን ከወጣን መያዣ ገንዘባችን ይቀራል፤ በፈተና ሰሞን ቤት መፈለግ አለ፤ የዚህ ዋጋ ግን ከማንም ላይ ሳይሆን ከእኛው ኪስ የሚወጣ ነው። ሦስቱ እንውጣ ብለዋል፤ ሁለቱ ይታሰብበት ብለዋል። ኪራዩ የሚከፈለው ወር በገባ በአምስተኛው ቀን ነው፤ እስከዚያ ድረስ ካኩን እንደገና እንጠይቃለን።